የአረጋዊ ሰው ውሻ፤ ተረትና እውነታ

ስለ ውሻ በየሰፈራችን ከሚነገረው ሁሉ፣ አረጋውያንን እንደዚህኛው ሲጐዳ ያየሁት የለም፤ ይኸውም «ውሻ ርኵስ ነው፤ እርሱ በሚያድርበት ቤት መልአክ አይገባም፣ የባለቤቱም ጸሎት አያርግም» የሚለው ነው። ባላቸው ሞተውባቸው፣ ልጆቻቸውም ወደ አሜሪካና ወደ ዐረብ አገር ተበትነውባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ጎረቤቴ፣ «እማማ፣ በስተርጅና ነፍስዎን አያሳድፉ» የሚለውን ተግሣጽ ደጋግመው ከሰሙ በኋላ ውሻቸውን ለማያውቁት ሰው አሳልፈው ሰጡ፤ ከዚያም ወዲህ ማለዳ ከቤት የሚያስወጣቸው ጕዳይ ስለ ጠፋ፣ ደጃፋቸው እስከ ቀትር ሳይከፈት የሚቈይበት ቀን በዛ። የገሠጹአቸው ሰዎች ግን ውሻው ከሄደ በኋላ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ዋሉ ብለው ሊጠይቁአቸው አልመጡም፤ እኔን የሚያስቈጣኝም ከተግሣጹ ይልቅ ይህ ነው።

እምነቱ ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። ውሻ ወደ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ መከልከሉ የታወቀ ሥርዓት ነው፤ በቅዱሳት መጻሕፍትም ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ለነቀፋ ነው፤ አባቶቻችንም የእብድ ውሻ በሽታ ሰው ሲገድል በዐይናቸው አይተዋል። ነገር ግን የመቅደስን ክብር ለመጠበቅ የተሠራ ሥርዓት፣ በገዛ ቤቱ እንስሳ የሚያሳድርን ምእመን ጸሎት የሚሽር ሕግ ሊሆን አይችልም። እንዲህ ብለው የሚያስተምሩ ሰዎች መጽሐፈ ጦቢትን ገልጠው ቢመለከቱ፣ የዐይነ ሥውሩ ሽማግሌ ልጅ ጦብያ ወደ ሩቅ አገር በተጓዘ ጊዜ፣ ጳጉሜን 3 ቀን በዓሉን የምናከብርለት መልአኩ ሩፋኤል መንገድ እየመራው፣ ውሻውም ከሁለቱ ጋር አብሮ መሄዱን ያገኙ ነበር፤ መልአኩም ስለ ውሻው ብሎ ከመንገዱ አልተመለሰም።

እርጅና ከሰው የሚወስደው ጕልበትን ብቻ አይደለም፤ ለሌላው የማስፈለግን ክብርም ይወስዳል። ሽማግሌው ከልጆቹ ገንዘብ፣ ከጎረቤቱ እርዳታ፣ ከሐኪሙ መድኃኒት ይቀበላል፤ ከእርሱ እጅ የሚጠብቅ ግን ማንም የለም። ውሻ ያለው እንደ ሆነ ግን፣ ለእርሱ ፍርፋሪ ሊያዘጋጅ ሲነሣ ለራሱም እሳት ያነድዳል፤ ሊያናፍሰው ሲወጣ ከሰው ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 80 የሆነ 3.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መዝገብ እስከ 12 ዓመት ተከታትለው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ብቻቸውን ከሚኖሩት መካከል ውሻ ያላቸው ሰዎች ከሌላቸው ይልቅ የመሞታቸው ዕድል 33 በመቶ ያህል አንሶ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ውሻው ጤናን አመጣ ወይስ አስቀድሞ ጤና ያላቸው ሰዎች ውሻ ያዙ የሚለውን እንዲህ ያለ ጥናት ለይቶ ሊፈርድ ስለማይችል፣ ውሻ ዕድሜ ያረዝማል ብዬ ለመማል አልደፍርም።

ጉዳትም እንዳለው መናገር ይገባል። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ፣ ውሻ በማሰሪያ ይዘው ሲሄዱ የሚደርሰው የአጥንት ስብራት በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2004 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ስለዚህ ለአረጋዊ የሚስማማው እየዘለለ የሚጐትት ቡችላ ሳይሆን፣ የሰከነና በዕድሜ የበሰለ ውሻ ነው።

ወደ ሌሎቹ ተረቶች ስንመለስ፣ የውሻ ምላስ ቍስል ያሽራል የሚሉት ከነዳዩ ከአልዓዛር ታሪክ ተነሥተው ከሆነ፣ ታሪኩ ውሾቹ ቍስሉን እንደ ላሱት እንጂ እንደ ፈወሱት አይናገርም፤ ቆዳው ለሳሳና አካሉ ለደከመ ሰውማ ከውሻ አፍ የሚገባው ተሕዋስ ደሙን ሊመርዝ ይችላል። ሌሊት ማላዘኑም ሞት መጥራት አይደለም፤ የሌላ ውሻ ጩኸት ሰምቶ፣ ወይም አሞት፣ ወይም ብቻውን ቀርቶ ነው። ውሻን የሚያሳብደው ፀሐይና ረኃብ ነው የሚለው ግን ሰው ስለሚገድል እንዲሁ ሊታለፍ አይገባም፤ በሽታው በንክሻና በለሃጭ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ ውሻውን በጊዜው ማስከተብ ይከላከለዋል። የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላልና፣ የባህል መድኃኒት ሲፈልጉ ቀን ማሳለፍ ለሞት ያደርሳል።

«ባለቤቱ ቀድሞ ቢሞትስ፣ ውሻው የማን ይሆናል?» የሚሉትን ግን አልነቅፍም፤ ጥያቄው የርኅራኄ ነው። ልጆቹ ወይም ጎረቤቶቹ ውሻውን ማን እንደሚወስደው ሽማግሌው በሕይወት ሳለ ይነጋገሩ፤ የሚወስደውም ሰው እንዲለምደው፣ ከአሁኑ በሳምንት አንድ ቀን እየመጣ በገዛ እጁ ያብላው።