የሜንዶዛ ጓዳ

ጠጋ በሉ፤ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም። የአርጀንቲናዋን ሜንዶዛ በፎቶ አይታችኋታል? ዛፍ ግራና ቀኝ የተሰለፈበት ጎዳና፣ ጥላ ሥር የተደረደሩ የካፌ ወንበሮች፣ ከከተማው ወጣ ሲሉ የወይን ማሳ። ታምራለች አይደል? የአየር ንብረት ባለሙያዎች መዝገብ ላይ ግን ምን ተብላ እንደተጻፈች ታውቃላችሁ? በረሃ!

አትሳቁ። “ቢ ደብልዩ ኬ” ነው የሚሏት፤ ቀዝቀዝ ያለ በረሃ ማለታቸው ነው።

ፍርዱ እንዴት እንደሚሰጥ ብታዩማ! ከውጭ ሲያዩት የሚያስፈራው ሳይንስ፣ ጓዳው ሲገባ የልጆች ሒሳብ ነው። የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ 17 ዲግሪ ገደማ ነው። በ20 አባዙት፤ 340። ዝናቧ በአብዛኛው በሞቃቱ ወራት ስለሚጥል 280 ጨምሩ፤ 620። ለሁለት ክፈሉት፤ 310። የዓመት ዝናቧ በሚሊሜትር ከዚህ ካነሰ፣ በረሃ ናት። የእሷ ወደ 220 ነው። አለቀ።

ጉዱ ገና ነው። ያው 220 በብርዱ ወራት ቢጥልላት ኖሮ፣ 280ው አይጨመርም ነበር። መስመሩ 170 ላይ ይወርድና ሜንዶዛ “ከፊል ደረቅ” ተብላ ታመልጥ ነበር። አንዲት ጠብታ ሳይጨመርላት! ተንኮል እንዳይመስላችሁ፤ በሙቀት የጣለ ዝናብ ሥር ሳይደርስ ይተናል። የአመዳደቡ አባት ቭላዲሚር ኮፐን ዕፅዋት ያጠና ሰው ነው፤ ድንበሩን ያሰመረው የተክል ጥም እያሰበ ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ዛፍ ከየት መጣ? ዓይናችሁን ከቅጠሉ ላይ አንሡና ወደ መሬት እዩ። በእግረኛውና በመኪናው መንገድ መካከል ቦይ አለ፤ አገሬው “አሴኪያ” ይለዋል። የአንዲስ ተራሮች በረዶ ቀልጦ በወንዝ ይወርዳል፤ ከወንዙ ተጠልፎ በየሰፈሩ እየዞረ ዛፉን ከሥሩ ያጠጣዋል። በቦይ ማጠጣቱን ዋርፔ የተባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ስፔኖች ሳይመጡ ያውቁበት ነበር። ከመስኖው ክልል ውጡ፤ የሚቀበላችሁ ደረቅ መሬትና ቁጥቋጦ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ፊደሎቹ አልዋሹም፤ የሚመዝኑት ሰማዩን እንጂ ቦዩን አይደለም። ኮፐን ራሱ በእነዚያ ዛፎች ቢፈርድ ኖሮ ይሸወድ ነበር።

ከሄዳችሁ ግን ማታ ስትራመዱ እግራችሁን ጠብቁ፤ ብዙው ቦይ ክዳን የለውም።