ስኩተርን የሚያስቀረው ርቀት አይደለም

ስኩተር ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው የሰፈር ተላላኪ ነው፤ ዳቦ ቤት ደርሶ የሚመለስ፣ ቢበዛ ከቤት እስከ ቢሮ የሚያደርስ። ለባለ 50 ሲሲዋ ይህ ግምት አይከፋም። ከ250 እስከ 400 ሲሲ ሞተር ለተገጠመለት መካከለኛ ስኩተር ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሆንዳ ሲኤን 250 ይህን መንገድ ከጀመሩት አንዱ ነው፤ በ1998 ሱዙኪ በርግማን 400 ተከተለ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ የሚበዙት ያማሃ ኤክስማክስ 300ና ቬስፓ ጂቲኤስ 300 ከ20 የፈረስ ጉልበት በላይ ስላላቸው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሳይጨነቁ ይሄዳሉ። ለረጅም ጉዞ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ፍጥነት አያስፈልግም። የረጅም ርቀት ነጂዎችን የሚመዘግበው የአሜሪካው አይረን በት ማኅበር ለመግቢያ የሚጠይቀው በ24 ሰዓት 1,000 ማይል ወይም 1,609 ኪሎ ሜትር መጋለብ ነው። ሲካፈል በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ፈተናው ያለው ሳይቆሙ መሄዱ ላይ ነው፤ ሳይቆም ለመሄድ ደግሞ ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጥ ወንበር፣ ነፋስ የሚከልል መስታወትና ማርሽ መቀየር የማያስፈልገው ሞተር ያለው ስኩተር ከብዙ ሞተር ሳይክል ይሻላል።

“ጎማው ትንሽ ነው” የሚል ተቃውሞ ወዲያው ይነሳል። እውነት ነው፤ የጂቲኤስ ጎማ 12 ኢንች ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ከትልቅ ጎማ ይልቅ ጠለቅ ብሎ ይገባል፣ ቶሎም ያልቃል። ነገር ግን ጣሊያናዊው ጆርጆ ቤቲኔሊ በ1992 ከሮም ተነስቶ ሳይጎን የደረሰው፣ በኋላም ከአላስካ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ ከሜልቦርን እስከ ኬፕታውን የተጓዘው በባለ 10 ኢንች ጎማ ቬስፓ ነው። የእሱ ቬስፓ ማርሹ በእጅ የሚቀየር የድሮ ዓይነት ስለነበር ከዚህ በታች ስለማነሳው ቺንጋ ምስክር ሊሆን አይችልም። ስለ ጎማ ግን በቂ ምስክር ነው። ትንሽ ጎማ ቀስ ብለህ ንዳ ይላል እንጂ አትሂድ አይልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ቺንጋው። ከስኩተሩ በግራ በኩል ካለው ክዳን ስር በቺንጋው የተያያዙ፣ ማርሽን የሚተኩ ሁለት ፑሊዎች አሉ፤ አንዱ ከሞተሩ ዘንግ ላይ፣ ሌላው ከኋላ ጎማው አጠገብ ፍሪሲዮኑን ይዞ ይቀመጣል። ሁለቱም ከሁለት ግማሽ የተሠሩ ስለሆኑ ይጠባሉ፣ ይሰፋሉ። ሞተሩ ዙሩን ሲጨምር በፊተኛው ፑሊ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሮለሮች ወደ ውጭ ይሸሻሉ፤ ሲሸሹም አንዱን ግማሽ እየገፉ ያጠቡታል፣ ቺንጋውም ወደ ጠርዙ ይወጣል። ከኋላ ያለው ፑሊ ደግሞ የራሱን ሞላ እየተጫነ ይከፈትና ቺንጋው ወደ መሃሉ ይሰምጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ስኩተሩ ከቆመበት ሲነሳ ቺንጋው በፊተኛው ፑሊ ትንሿ ክብ ላይ ነው፤ በጣም የሚታጠፈው፣ ትልቁን ጭነት የሚሸከመውም ያኔ ነው። ፍሪሲዮኑም እስኪይዝ ድረስ ይንሸራተታል፣ ይግላል። በከተማ መንገድ ይህ በየመብራቱ ይደገማል። አገር አቋራጭ መንገድ ላይ 90 ይዞ ሲሄድ ግን ቺንጋው ሰፋ ባለ ክብ ላይ ተደላድሎ ይዞራል፣ ፍሪሲዮኑ ጭራሽ አይንሸራተትም። ስለዚህ ሺህ ኪሎ ሜትር በከተማና ሺህ ኪሎ ሜትር በአውራ ጎዳና ለቺንጋው እኩል አይደሉም፤ “ረጅም መንገድ ይገድለዋል” የሚለው ወሬ ነገሩን ገልብጦ ነው የያዘው።

ዳገትስ? ዳገት ላይ ተቃዋሚው ልክ ነው። በጣሊያን አልፕስ ያለውን የስቴልቪዮን መተላለፊያ ብንወስድ 2,757 ሜትር ከፍታ አለው፤ በሰሜን በኩል 48 ጠምዛዛ ኩርባ አለበት፤ እያንዳንዱ ኩርባ ቺንጋውን ወደ ትንሿ ክብ ይመልሰዋል። አየሩም ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሁለት ሰውና ሻንጣ ተጭኖ፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ቀስ ብሎ ሲወጣ ክዳኑ ስር ያለው ሙቀት ይከማቻል፤ የጎማ ቺንጋ ደግሞ ትልቁ ጠላቱ ሙቀት ነው። ክዳኑ ስር አየር የሚስብ ክንፍ አለ። ብዙ ሞዴል ላይ አየሩ የሚገባበት የራሱ ትንሽ ፊልትሮ ስላለው አቧራ ከደፈነው ቺንጋው ታፍኖ ይበስላል። የሞተሩን ፊልትሮ በጊዜው እየቀየሩ ይቺን አንድም ቀን ከፍተው የማያዩ ባለንብረቶች መብዛታቸው ያሳዝናል።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ የሞተር ሳይክል ካቴና ሲላላ ይታያል፣ ይሰማል፤ ቺንጋ ግን ተሸፍኖ ሳይናገር ይበጠሳል። በከፊል ልክ ነው። ቺንጋ ሲያልቅ ይጠብና ፑሊው ውስጥ ይሰምጣል፤ በዚህ ምክንያት በዚያው ፍጥነት የሞተሩ ዙር ከፍ ይላል፣ ጫፍ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ዳሽ ቦርዱን የሚያይ ሰው ይደርስበታል። የማያይ ከሆነ ኪሎ ሜትር ይቁጠር፤ አምራቾች እንደ ሞዴሉ ከ10,000 እስከ 24,000 ባለው ውስጥ እንዲቀየር ያዛሉ። ቅያሬው ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። አዲሱ ቺንጋ በኋለኛው ፑሊ ውስጥ በእጅ ተጨምቆ ወደ መሃል ካልሰመጠ ፊት ላይ ተወጥሮ ይቀራል። የፊተኛው ፑሊ ዳዶ ሲጠብቅ የፑሊውን ግማሽ ከዘንጉ ጋር የሚያጣብቀው ይመስላል እንጂ የሚጨምቀው ቺንጋውን ነው። ሞተሩ ጥቂት ሲዞር ቺንጋው ቦታውን ይይዛል፣ ዳዶው ይላላል፣ ፑሊው የዘንጉን ጥርስ ይበላል። ስለዚህ ዳዶው ከመጥበቁ በፊት ፊት ላይ ያለው ቺንጋ ላላ ማለቱን በጣት ማየት፣ ዳዶውንም በመመሪያው ልክ ማጥበቅ ግድ ነው። ፑሊው ላይ ግሪስ የሚቀባ መካኒክ ካጋጠመ ቁልፉን መቀበል ይሻላል።

ቀሪው ቀላል ነው። የኤክስማክስ ጋን 13 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል፤ በጂቲኤስ ባለ 8.5 ሊትር ጋን ግን በየ200ው ማደያ መፈለግ ነው። የኋላ ጎማው ጥርስ ቤት ውስጥ ያለው ሩብ ሊትር ገደማ ዘይት ከሞተሩ ዘይት የተለየ ነው፤ ይረሳል፣ መረሳት የለበትም። ከባድ ዕቃ ከእግር መሃልና ከመቀመጫው ስር እንጂ ከኋላ ሻንጣ አይጫን፤ የሞተሩ ክብደት ራሱ ከኋላ ስለሆነ የፊት ጎማው ይቀልልና መሪው ይዋልላል።

ያገለገለ ስኩተር ገዝተው ረጅም መንገድ ያሰቡ ሁሉ ሻጩን ቺንጋው በስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየረ ይጠይቁ። መልስ ከሌለው አላለቀም ብለው አይከራከሩ፤ ከመነሳትዎ በፊት ያስቀይሩት።