ካምቢዮ ከመቀየራችሁ በፊት አስሉ



በዚህ ዕትም በክፍል የምትማሩትን የማካፈልና የማባዛት ሂሳብ ከጋራዥ ሥራ ጋር እናገናኛለን። ከእናንተ መካከል ከትምህርት ሰዓት ውጭ በጋራዥ የሚሠሩ፣ ወደፊትም መካኒክ ለመሆን የሚያስቡ ይኖራሉ። አንድ ቀን የአሮጌ መኪና ባለቤት፦ «ባለ አራት ማርሹን ካምቢዮ አውርድና ባለ አምስት ግጠምልኝ» ሊላችሁ ይችላል። ሥራው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቁጥሩ ሳይታይ የተገዛ ካምቢዮ መኪናውን ዳገት ላይ ሊያደክመው ይችላል፤ የወጣውም ገንዘብ አይመለስም። መኪናው ታክሲ ከሆነ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳት በፊት እርሳስ ማንሳት ይገባል።

ሀ. የማርሽ ቁጥር ምንድን ነው?

ጥርሶቻቸው የተያያዙ ሁለት ማርሾች አሉ እንበል። ትንሹ 10፣ ትልቁ 30 ጥርስ አለው። ትልቁ አንድ ጊዜ እንዲዞር ትንሹ 3 ጊዜ መዞር አለበት። 30 ለ10 ሲካፈል 3 ይሆናል። የማርሹ ቁጥር (ሬሾ) የምንለው ይህንኑ ነው። ትልቁ ማርሽ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ የማዞር ጉልበቱ ግን ሦስት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ካምቢዮ ጉልበት አይፈጥርም። ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት ይሰጣል፤ ጉልበት ቀንሶ ፍጥነት ይሰጣል። ትልቅ ቁጥር ለዳገትና ለጭነት፣ ትንሽ ቁጥር ለሜዳ መንገድ ይሆናል።

በኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና ከካምቢዮው የወጣው ዙር በዲፈረንሻሉ እንደገና ይቀነሳል። ስለዚህ የማርሹን ቁጥር በዲፈረንሻሉ ቁጥር ማባዛት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

ለ. ምሳሌ፦ ላዳ

ሰማያዊና ነጭ የተቀባውን የአዲስ አበባ ላዳ ታክሲ ወላጆች ታውቁታላችሁ። ላዳ የጣሊያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጎ በሶቪየት ኅብረት ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ መኪና ነው። ቁጥሮቹ እንደሚከተለው ናቸው።

የመጀመሪያው ሞዴል፣ ባለ 4 ማርሽ፦ 1ኛ 3.75፣ 2ኛ 2.30፣ 3ኛ 1.49፣ 4ኛ 1.00።
በኋላ የመጣው ባለ 5 ማርሽ፦ 1ኛ 3.67፣ 2ኛ 2.10፣ 3ኛ 1.36፣ 4ኛ 1.00፣ 5ኛ 0.82።
የመጀመሪያው ሞዴል ዲፈረንሻል፦ 4.30። ከኋለኞቹ ሞዴሎች በአንዳንዶቹ ላይ 3.90 ይገኛል።

ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 1.80 ሜትር ይሄዳል ብለን እናስላ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፣ በ4ኛ ማርሽና በ4.30 ዲፈረንሻል ጎማው 698 ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ5ኛ ማርሽ ያንኑ 75 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሞተሩ 2,460 ዙር ይበቃዋል። ጩኸቱ ይቀንሳል፤ በሜዳ መንገድም ቤንዚን ይቆጥባል።

ጉዳቱን ደግሞ እንመልከት። የአዲሱ ካምቢዮ 2ኛና 3ኛ ማርሽ ከአሮጌው በ9 በመቶ ያህል ጉልበታቸው ያንሳል። በዚህ ላይ ዲፈረንሻሉ በ3.90 ከተቀየረ፣ የ2ኛ ማርሽ ጠቅላላ ቁጥር ከ9.89 ወደ 8.19 ይወርዳል። ይህም 17 በመቶ ያህል ቅናሽ ነው።

ሐ. ቦታው ይወስናል

ካርቱም ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበት ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ 17 በመቶው ብዙ ላይታወቅ ይችላል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። እንጦጦን ሰው ጭኖ ለሚወጣ ላዳ ታዲያ ሌላ 17 በመቶ መቀነስ ከባድ ነው። ለእንዲህ ያለ አገር ባለ 5 ማርሹን ገጥሞ የ4.30 ዲፈረንሻሉን ሳይነኩ መተው ይሻላል።

ቁልቁለትንም አትርሱ። በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚያ መኪናን የሚይዘው ፍሬን ብቻ አይደለም፤ ከባድ ማርሽ ገብቶ ሞተሩም ይይዛል። ማርሹ ጉልበት ካነሰው ሸክሙ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። ፍሬን ሲግል መያዙን ይቀንሳል፤ የሰው ሕይወትም አደጋ ላይ ይወድቃል።

መ. ከመግዛታችሁ በፊት

1. የዲፈረንሻሉን ቁጥር በወሬ አትቀበሉ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፤ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፤ መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች በድንጋይ አስደግፉ። አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱና ልክ 2 ጊዜ አዙሩት። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ የዞረው ብዛት የዲፈረንሻሉ ቁጥር ነው። ዘንጉን ከጎን ሆናችሁ ቁጠሩ እንጂ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር አትግቡ።
2. የዘንጉን ርዝመትና የካምቢዮውን የኋላ መያዣ ከአዲሱ ጋር አስተያዩ።
3. ዲፈረንሻል ከተቀየረ የፍጥነት መለኪያው ይሳሳታል። ከ4.30 ወደ 3.90 ሲለወጥ መኪናው መለኪያው ከሚያሳየው 10 በመቶ ያህል በልጦ ይሮጣል።
4. ባለቤቱን «መኪናው የት ነው የሚሠራው? ምን ያህል ይጭናል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ጋራዥ ሲውሉ ሂሳቡን እንዳይተዉ አበረታቷቸው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሰው ዕቃውን ጥሎ ወጥቷል። የተማሩት ሙያ ግን አብሮ ይሄዳል።

መልመጃ

አንድ ላዳ 5ኛ ማርሹ 0.82፣ ዲፈረንሻሉ 3.90፣ የጎማው አንድ ዙር 1.80 ሜትር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር መኪናው በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

መልስ፦ 0.82 × 3.90 = 3.198። 3,000 ÷ 3.198 = 938 ዙር ገደማ። 938 × 1.80 × 60 = 101,304 ሜትር፤ ማለት በሰዓት 101 ኪሎ ሜትር ገደማ።