በአይሁድ ጥናት መስክ ያሉ የትምህርት ዕድሎችና የግዕዝ ድርሻ

በ1967 የብሪታንያ አካዳሚ በለንደን በሚያዘጋጀው ‹‹ሽዋይክ›› በተሰኘው የሕዝባዊ ንግግር መርሐ ግብር ላይ እንዲናገሩ የተጋበዙት ምሁር ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ኡሌንዶርፍ ነበሩ። የመረጡትም ርዕስ ‹‹ኢትዮጵያና መጽሐፍ ቅዱስ›› የሚል ነበር። ንግግሮቹ በተከታዩ ዓመት በመጽሐፍ መልክ ታትመው ወጥተዋል። ከ28 ዓመታት በኋላ፣ በ1995፣ በዚሁ መድረክ የቀረቡት ፕሮፌሰር ማይክል ኒብ በበኩላቸው ስለ ብሉይ ኪዳን የግዕዝ ትርጉም ተናግረዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ የውጭ አካዳሚ ለመጽሐፍ ቅዱስና ለጥንታዊ የምሥራቅ ሥልጣኔዎች ጥናት ባዘጋጀው መድረክ ላይ የኢትዮጵያ ጉዳይ ደጋግሞ የመነሳቱ ምክንያት በአገራችን በቂ ትኩረት ተሰጥቶት የታየ አይመስልም። ጉዳዩ ግን የታሪክ ወዳጆች ብቻ አይደለም። የትምህርት ፈቃድ የሚሰጡ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉ፣ የብራና መጻሕፍትን የማስተባበርና የመጠበቅ ኃላፊነት ያለባቸው የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎችም በቀጥታ የሚገናኙበት ነው።

በቅድሚያ ስያሜውን ማጥራት ያስፈልጋል። ‹‹የአይሁድ ጥናት›› ሲባል በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች አካባቢ ሃይማኖትን ማስተማር ወይም የአንድን መንግሥት ፖለቲካ መደገፍ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። መስኩ ከሁለቱም የተለየ ነው። የአይሁድ ሕዝቦችን ቋንቋ፣ ታሪክ፣ ሕግ፣ ሥነ ጽሑፍና ልማድ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በሳይንሳዊ ዘዴ የሚመረምር የትምህርት ዘርፍ ሲሆን፣ ከየመን እስከ ፖላንድ፣ ከሞሮኮ እስከ ጎንደር በተለያዩ አገሮች የኖሩ ማኅበረሰቦችን ያካትታል። አጥኚዎቹም የግድ አይሁዳውያን አይደሉም።

ዘርፉ በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ቦታ ያገኘው በቀላሉ አልነበረም። ጀርመናዊው ምሁር ሊዮፖልድ ዙንዝ የረቢዎችን ሥነ ጽሑፍ በታሪክ ሳይንስ መንገድ ማጥናት እንደሚገባ የሚያስረዳ ጽሑፍ ያሳተሙት በ1818 ነው። በ1848 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ለአይሁድ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የፕሮፌሰርነት መንበር እንዲቋቋም ለፕሩሺያ መንግሥት ቢያመለክቱም፣ ጉዳዩ የተመራለት የዩኒቨርሲቲው ፋኩልቲ ጥያቄውን ሳይቀበለው ቀርቷል። ፋኩልቲው ዩኒቨርሲቲ የአንድን ወገን የተለየ ማንነት ለማጠናከር የተቋቋመ አይደለም የሚል መከራከሪያ አቅርቦ ነበር። በአንድ መዝገብ ላይ የተሰጠ ‹‹አልተፈቀደም›› የሚል ውሳኔ አንድን የትምህርት ዘርፍ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ቅጥር ውጭ አስቀርቶታል። በመሆኑም ምሁራኑ የራሳቸውን ተቋም ለማቋቋም ተገደዋል። በ1872 በበርሊን የተከፈተው ከፍተኛ ትምህርት ቤት የዚህ ውጤት ሲሆን፣ በ1942 በናዚዎች ትእዛዝ እስኪዘጋ ድረስ ሲያስተምር ቆይቷል። በኢየሩሳሌም የአይሁድ ጥናት ተቋም በ1924፣ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲም በ1925 ተከፍተዋል። በአሜሪካ ደግሞ ሃሪ ዎልፍሰን በ1925 በሃርቫርድ፣ ሳሎ ባሮን በ1930 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት መንበር ይዘዋል።

ከነዚህ መንበሮችና ሕዝባዊ ንግግሮች በስተጀርባ ያለውን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። አንድ በጎ አድራጊ በሟች ዘመዱ ስም የተወሰነ ገንዘብ ለተቋሙ ይሰጣል። ተቋሙ ዋናውን ገንዘብ ሳይነካ ከትርፉ ለመምህር ደመወዝ፣ ለተማሪ ድጋፍ ወይም ለዓመታዊ ንግግር ይከፍላል። የሃርቫርዱ መንበር በለጋሹ አባት በናታን ሊታወር ስም የተሰየመ ነው። የለንደኑ ‹‹ሽዋይክ›› መርሐ ግብርም በ1907 ኮንስታንስ ሽዋይክ አባታቸውን ለማስታወስ በሰጡት ገንዘብ የተመሠረተ ሲሆን፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው። በአገራችን ለሙታን ተዝካር ማውጣት የኖረ ባህል እንደመሆኑ ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ገንዘቡ ለትምህርት መዋሉ ብቻ ነው ልዩነቱ። ንግግሩን ለመስማት የሚመጣው ሰው ተማሪ መሆን አይጠበቅበትም፣ ክፍያም አይጠየቅም። ተናጋሪው ለዓመታት የደከመበትን ምርምር ለማንኛውም አድማጭ በሚገባ ቋንቋ ማቅረብ ግዴታው ነው።

ወደ ግዕዝ እንመለስ። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ የተጻፉት ከክርስቶስ ልደት በፊት ባሉት ምዕተ ዓመታት፣ በአይሁዳውያን እጅ፣ በአራማይክና በዕብራይስጥ ቋንቋዎች ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም መጻሕፍት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተሟልተው የተገኙት በግዕዝ ብቻ ነው። በጎንደር የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ሦስት የሄኖክ ቅጂዎችን በ1773 ወደ አውሮፓ ይዞ ሲመለስ፣ ጠፍቷል ተብሎ የሚታሰብ መጽሐፍ ተገኘ። የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1821 ወጣ። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት ጥቅልሎች ደግሞ የሄኖክን የአራማይክና የኩፋሌን የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች ይዘው ቀረቡ። እነዚህ ቁርጥራጮች የተበጣጠሱና የተበሉ በመሆናቸው ተመራማሪዎቹ እያንዳንዷን ቁራጭ በየትኛው ምዕራፍ ሥር እንደምትገባ ለማወቅ የሚያመሳክሩት ከግዕዙ ጋር ነው። የቁምራን ማኅበረሰብ ይመራበት የነበረውን የ364 ቀናት የዘመን አቆጣጠር ለመረዳትም ኩፋሌንና ሄኖክን ማንበብ ግድ ይላል። ከላይ የተጠቀሱት ፕሮፌሰር ኒብ በ1978 ያሳተሙት የሄኖክ የግዕዝ ጽሑፍ፣ በፕሮፌሰር ኡሌንዶርፍ አማካሪነት የተዘጋጀና ከአራማይኩ ቁርጥራጮች ጋር የተነጻጸረ ነው።

በዚህ ሁሉ ሂደት በአብነት ትምህርት ቤቶች የሠለጠኑ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ስም ጎልቶ አለመነሳቱ የሚያስቆጭ ነው። ሊቃውንቱ ቋንቋውን በቃል የሚያውቁ፣ ብሉያትን ከነአንድምታቸው የሚተረጉሙ ሆነው ሳለ፣ መጻሕፍቱ በፓሪስ፣ በኦክስፎርድና በበርሊን ሲታተሙ ሥራው በሌሎች እጅ ነበር።

ሁለተኛው የግንኙነት መስመር የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ነው። በ1867 ወደ ኢትዮጵያ የተላኩት ፈረንሳያዊው ምሁር ጆሴፍ ሃሌቪ የማኅበረሰቡን የግዕዝ ጸሎቶች በ1877፣ ‹‹ትእዛዘ ሰንበት›› የተሰኘውን መጽሐፍ ደግሞ በ1902 አሳትመዋል። ተማሪያቸው ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 መጥተው ሲመለሱ ወጣቱን ታምራት አማኑኤልን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ወስደዋል። በዚህ መስክ በውጭ አገር የትምህርት ዕድል ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ የሆኑት ታምራት፣ በኋላ በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ወጣቶች የተከፈተውን ትምህርት ቤት መርተዋል። የፋይትሎቪች የመጻሕፍት ስብስብ ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል።

የማኅበረሰቡ አመጣጥ እስከ ዛሬ ምሁራንን ያከራክራል። የማኅበረሰቡ አባቶች ከጥንት እስራኤላውያን መምጣታቸውን ይተርካሉ። በ1973 በጎንደር አካባቢ የጸሎት ዜማዎችን የቀረጹት የሙዚቃ ተመራማሪዋ ኬይ ካውፍማን ሼልሜይና ሥራቸውን በ1992 ያሳተሙት ስቲቨን ካፕላን በበኩላቸው፣ ሥርዓቱና ማንነቱ በአብዛኛው በኢትዮጵያ ምድር፣ ከ14ኛው እስከ 16ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ መልክ እንደያዘ ያስረዳሉ። ይህ አስተያየት በማኅበረሰቡ አባላት ዘንድ ቅሬታ ማስነሳቱ የሚያስገርም አይደለም። ክርክሩን ለማየት ግን የግዕዝ ጽሑፎችን፣ የገዳማትን ቅሪቶችና የነገሥታቱን ዜና መዋዕሎች አገናዝቦ ማንበብ ያሻል። ለዚህ ቅርብ የሆነው ደግሞ እዚሁ ያለው ተመራማሪ ነው። የፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 የታተመው የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ ዛሬም በውጭ ምሁራን በሰፊው መጠቀሱ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። በ1984ና በ1985 በተካሄደው ‹‹ዘመቻ ሙሴ››፣ እንዲሁም በ1991 በ36 ሰዓታት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በተጓጓዙበት ‹‹ዘመቻ ሰሎሞን›› አብዛኛው ማኅበረሰብ ወደ እስራኤል ሄዷል። በየመንደሩ ኦሪትን በግዕዝ አንብበው በአማርኛና በትግርኛ የሚተረጉሙት ቄሶች በዕድሜ እየገፉ ናቸው። በእስራኤል የተወለደው ትውልድ ዕብራይስጥን እንጂ ግዕዝን አያውቅም። የሰግድ በዓል በ2008 በእስራኤል ፓርላማ ብሔራዊ በዓል ሆኖ ቢደነገግም፣ በበዓሉ የሚነበበውን የሚረዳው ሰው ቁጥር እየተመናመነ ነው። ይህን ክፍተት በመገንዘብ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰቡ ወጣቶች ከቄሶች አፍ ኦሪትን እንዲማሩና እንዲያጠኑ የሚያስችል መርሐ ግብር ጀምሯል።

በአሁኑ ወቅት ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ይበልጥ የሚቀርቡት ዕድሎች የሚከተሉት ናቸው። በኢየሩሳሌም የሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ለውጭ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትምህርት አለው፤ ‹‹ኡልፓን›› የተሰኘውን የተፋጠነ የዕብራይስጥ ትምህርትም ያዘጋጃል። በ1972 የተመሠረተው የኦክስፎርድ የዕብራይስጥና የአይሁድ ጥናት ማዕከል የምርምር ጉባኤዎችንና ሕዝባዊ ንግግሮችን ያካሂዳል። በፊላደልፊያ የሚገኘው የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የካትዝ ማዕከል በየዓመቱ አንድ የምርምር ርዕስ መርጦ፣ በርዕሱ ላይ የሚሠሩ የዶክትሬት ዲግሪ ያላቸውን ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ አገሮች ይጋብዛል። ርዕሱ ከየዓመቱ ስለሚለያይ፣ አመልካቹ የራሱን ሥራ ከዓመቱ ርዕስ ጋር ማገናኘት መቻሉ ወሳኝ ነው። በብራና ጽሑፎች ላይ ላተኮረ ሰው ደግሞ የኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮፒካ አምስት ቅጾች የተዘጋጁበት የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ አለ። በመደበኛነት በየአራት ዓመቱ በኢየሩሳሌም የሚካሄደው የአይሁድ ጥናት ዓለም አቀፍ ኮንግረስ ጥናት ለማቅረብ የተሻለ መድረክ ነው።

እንቅፋቱ በአብዛኛው የዕውቀት ማነስ አይደለም። የድኅረ ምረቃ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ስለሚጠይቅ፣ ከቅኔ ቤትና ከመጻሕፍት ቤት የተመረቀ ሊቅ ዲግሪ ከሌለው በቀጥታ ማመልከት አይችልም። የሚያዋጣው መንገድ በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ በግዕዝ፣ በታሪክ ወይም በሥነ ልሳን ዲግሪ መያዝ ነው። ዕብራይስጥን መማር ግዕዝ ለሚያውቅ ሰው እንደሚፈራው አይከብድም፤ የግዕዙ ‹‹ቤት›› በዕብራይስጥ ‹‹ባይት››፣ ‹‹ስም›› ‹‹ሼም››፣ ‹‹ሰላም›› ‹‹ሻሎም››፣ ‹‹ከልብ›› ‹‹ኬሌቭ›› ነው።

ቀሪው እንቅፋት በቢሮዎች ውስጥ ያለ ነው። በአብዛኛው ማመልከቻ የሚዘጋው ትምህርቱ ከመጀመሩ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። አንድ የድጋፍ ደብዳቤ በኅዳር ወር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳምንት ቢያድር አመልካቹ አንድ ሙሉ ዓመት ያጣል። የትምህርት ማስረጃዎች ትርጉምና ማረጋገጫ፣ የትምህርት ፈቃድ ውልና ፓስፖርት እያንዳንዳቸው ጊዜ ስለሚወስዱ፣ ሥራው ከመስከረም መጀመር አለበት። የአብነት ትምህርት ያለው አመልካች ሲያጋጥም፣ የተማረባቸውን ጉባኤያትና የቆይታውን ዓመታት በዝርዝር የሚገልጽ ደብዳቤ መጻፍ ከመደበኛው ‹‹ለሚመለከተው ሁሉ›› እጅግ ይበልጣል፤ የውጭ መራጮች ‹‹ቅኔ›› ምን ያህል ዓመት እንደሚፈጅ አያውቁምና።

መተባበር ሲኖር ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ የቅርብ ምሳሌም አለ። በ1973 በአዲስ አበባ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ መንግሥትን፣ ቤተ ክርስቲያንንና በሚኒሶታ የሚገኘውን የሂል ቤተ መጻሕፍት አስተባብሮ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል። በ1976 ወደዚያ ቤተ መጻሕፍት የሄዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር በማዘጋጀትና በማሳተም ኖረዋል። ዛሬ ስለ ሄኖክም ሆነ ስለ ኩፋሌ የሚጽፍ ተመራማሪ ከሚያገላብጣቸው ዝርዝሮች አንዱ ይኸው ነው።

ከአገር መውጣት ለማይችሉም በሩ ዝግ አይደለም። ከ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ብዙ ሕዝባዊ ንግግሮች በኢንተርኔት ይተላለፋሉ፤ ቀድሞ መመዝገብ እንጂ ክፍያ የማይጠይቁትም በርካታ ናቸው። በፊላደልፊያ እኩለ ቀን ላይ የሚጀምር ንግግር በአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ይውላል። ከሥራ ሰዓት ውጭ በመሆኑም የማንንም ኃላፊ ፈቃድ አይጠይቅም።