የግሬፈንበርጉ ገበሬ

ቪንሰንዝ ፕሪስኒትዝ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1799 ግሬፈንበርግ በተባለች የተራራ መንደር የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው፤ መንደሯ ያኔ በኦስትሪያ ሥር ነበረች፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ናት። በወጣትነቱ ጋሪ ወጥቶበት የጎን አጥንቶቹ ተሰበሩ። ደረቱን በቀዝቃዛ ውሃ በተነከረ ጨርቅ እየጠመጠመ፣ ውሃም አብዝቶ እየጠጣ ዳነ። ዘዴውን የተማረው የቆሰለ አጋዘን ምንጭ ውስጥ ሲነከር አይቶ ነው ይባላል፤ ወሬው ግን ለማመን ትንሽ በዝቶ ያማረ ነው።

ስሙ ሲገንን ሐኪሞች ከሰሱት። ምስጢሩ ገላ በሚያጥብበት ስፖንጅ ውስጥ ነው ብለው የጠረጠሩም ነበሩ። በሽተኛው ግን መጉረፉን አላቆመም፤ በ1839 ብቻ ከ1,500 የማያንሱ ሰዎች፣ መሳፍንትና መኳንንት ሳይቀሩ፣ ያንን ተራራ ወጡ። እዚያም ማለዳ በርጥብ አንሶላ ተጠቅልለው፣ ብርድ ልብስ ተደራርቦባቸው እስኪያልባቸው ይተኛሉ። ከዚያ በረዶ የመሰለ ውሃ ውስጥ ይገባሉ፣ ጫካ ወርደው ከላይ የሚወርድ የምንጭ ውሃ ይቀበላሉ። ምግቡ ሻካራ ዳቦና ወተት ነው። መጠጥ የለም፣ መድኃኒት የለም፤ መስፍኑም እንጨት ይሰነጥቃል።

የዘመኑ ሐኪም ደም ያፈስ፣ አልቅት ይለጥፍ፣ ሜርኩሪ ያለበት መድኃኒት ያስውጥ ነበር። ብዙዎቹን ያዳነው ውሃው ብቻ ሳይሆን ከዚህ ሁሉ መገላገላቸው ይመስለኛል።

ፕሪስኒትዝ መጽሐፍ አልጻፈም። ዘዴውን ለእንግሊዞች ያስተዋወቀው ክላሪጅ የተባለ ታካሚው በ1842 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። በዚያው ዓመት ጄምስ ዊልሰንና ጄምስ ገሊ የተባሉ ሐኪሞች ማልቨርን ከተማ ላይ የውሃ ሕክምና ጀመሩ። ሆዱ አላስቀምጥ ያለው ቻርልስ ዳርዊን በ1849 ቤተሰቡን ይዞ ገሊ ዘንድ ሄደ፤ ተሻለውም። በ1851 የ10 ዓመት ልጁን አኒን እዚያው አሳከማት። በሚያዝያ ማልቨርን ላይ ሞተች። በኅዳር ፕሪስኒትዝም በ52 ዓመቱ አረፈ።

ሙያውን ለዘብ ያደረገው ጀርመናዊው ቄስ ሰባስቲያን ክናይፕ ነው። ተማሪ ሳለ ሳንባው ታሞ፣ ዮሐን ሐን ስለ ቀዝቃዛ ውሃ የጻፈውን አሮጌ መጽሐፍ አንብቦ በክረምት ዳኑብ ወንዝ ውስጥ ለአጭር ጊዜ እየገባ ይወጣ ነበር። እንደ ፕሪስኒትዝ ሰውን አላስጨነቀም፤ ውሃውን በማጠጫ ጣሳ ጉልበት ላይ ያፈስ፣ ጤዛ ባለበት ሣር ላይ በባዶ እግር ያስኬድ፣ ዕፀዋትንም ይጨምር ነበር። በ1886 «የውሃ ሕክምናዬ» የተባለ መጽሐፉ ሲወጣ ቮሪስሆፈን የምትባለው የገጠር ደብሩ በእንግዳ ተጥለቀለቀች።