የመስመሩ መጨረሻ ቤት

በደቡብ ጀርመን፣ በባቫሪያ ገጠር የሚያልፍ መንገደኛ የከብት በረቱም የድርቆሽ ጎተራውም ጣሪያ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጡ ጥቋቁር ሰሌዳዎች ተሸፍኖ ያያል። ለዚህ መነሻው ሕግ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ የጸናው ሕግ የመስመር ባለቤቶች ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከውሃ የሚመነጨውን ኃይል ተቀብለው ዋጋውን እንዲከፍሉ ሲያስገድድ፣ በ2000 የተካው ሕግ ደግሞ የተወሰነ ዋጋ ለ20 ዓመት ስላረጋገጠ፣ ገበሬው ከእህሉና ከወተቱ ጋር ኤሌክትሪክንም ለገበያ ማቅረብ ጀመረ። ስለ ገበሬው ትርፍ ብዙ ተነግሯል፤ ይህን ሁሉ በትከሻው ስለ ተሸከመው ስለ መንደሩ መስመር የተነገረው ግን ጥቂት ነው።

መስመሩን የዘረጉት መሐንዲሶች የተነሡበት ግምት፣ ኃይል ከታላቁ ማመንጫ ተነሥቶ ወደ ታናሹ ቤት ይወርዳል እንጂ ከታናሹ ቤት ወደ ላይ አይወጣም የሚል ነበር። ሽቦ ሁሉ በባሕርዩ የኤሌክትሪክን ፍሰት ስለሚቋቋም፣ ቮልቴጁ ከትራንስፎርመሩ በራቀ መጠን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህም በመጨረሻው ቤት ያለው ሰው እንዳይጎድልበት ሲሉ ከመነሻው ከፍ አድርገው ይልኩታል። የጉድለቱን ነገር የእኛ አገር አንባቢ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮው ያውቀዋል፤ አምፖሉ በምሽት ሲደበዝዝ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱም አልግል ሲል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የሙቀቱ ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር የሚሄድ በመሆኑም፣ ቮልቴጁ ከመቶ 10 እጅ በጎደለ ጊዜ ምጣዱ የሚያጣው ከመቶ 19 እጅ ነው። በአውሮፓ የተወሰነው ልክ 230 ቮልት ሆኖ፣ ከመቶ 10 እጅ ከፍና ዝቅ እንዲል ተፈቅዶለታል፤ ይኸውም ከ207 እስከ 253 ቮልት ማለት ነው።

እንግዲህ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሰዉም ወደ የሥራው ሄዶ ቤቱ ባዶ በሆነበት የበጋ ቀትር፣ ጎተራዎቹ የሚያመነጩትን የሚጠቀምበት ሰው በመንደሩ ስለማይገኝ፣ ኃይሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ትራንስፎርመሩ ይወጣል። ፍሰቱ ሲገለበጥ የቮልቴጁም ሥርዐት አብሮ ይገለበጣል፤ ትናንት ጉድለት ይፈራበት የነበረው የመጨረሻው ቤት ዛሬ ትርፍ የሚፈራበት ይሆናል። ነገሩን በቁጥር ለማየት፣ 150 ሚሊሜትር ካሬ ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ኬብል 400 ሜትር ተዘርግቶ፣ በመጨረሻው ላይ 60 ኪሎዋት የሚያመነጭ አንድ ጎተራ አለ እንበል፤ ኃይሉን ከሚካፈሉት ሦስት ፌዞች (የኃይል ሽቦዎች) በየአንዳንዱ ሬዚስታንሱ 0.08 ኦም ያህል፣ የሚያልፈውም ጅረት 87 አምፔር ያህል ስለሚሆን፣ በጎተራው ዘንድ ቮልቴጁ በ7 ቮልት ይነሣል። ይህ ከ230 ቮልት ከመቶ 3 እጅ ያህል ነው፤ በ2011 የወጣው የጀርመን መሐንዲሶች ደንብ በዝቅተኛው መስመር ላይ ያሉ ማመንጫዎች በጠቅላላው እንዲያነሡ የፈቀደውም ከዚህ አይበልጥም። አንዱ ጎተራ የመንደሩን ፈቃድ ብቻውን ጨረሰው ማለት ነው፤ ጎረቤቱ እኔም ልትከል ብሎ ቢጠይቅ ወይ ይከለከላል፣ ወይ መሬቱ ተቆፍሮ አዲስ ኬብል ይቀበራል።

ከመቆፈሩ በፊት የታሰበው ብልሃት፣ የሰሌዳዎቹን ቀጥተኛ ጅረት ወደ ተለዋዋጭ የሚቀይረው ኢንቨርተር ራሱ ቮልቴጁን እንዲገታ ማድረግ ነው። በተለዋዋጭ ጅረት ውስጥ፣ ሥራ ከሚሠራው ኃይል ሌላ፣ ሳይሠራ በማግኔታዊው መስክ ብቻ የሚመላለስ ሪአክቲቭ የሚባል ኃይል አለ፤ ኢንቨርተሩ ከዚህ ኃይል ከመስመሩ እንዲስብ ከታዘዘ ቮልቴጁ ዝቅ ይላል። የ2011ዱ ደንብ ይህን ግዴታ አድርጎታል። ነገር ግን የተቀበረ ኬብል የመግነጢስ ጠባዩ አነስተኛ፣ ሬዚስታንሱ ግን ብርቱ ስለ ሆነ፣ በምሳሌያችን ጎተራ ደንቡ የሚጠይቀው ከፍተኛ መጠን እንኳ ከ7ቱ ቮልት የሚመልሰው 1 ቮልት ከጥቂት ነው፤ ለዚያውም መስመሩ ተጨማሪ ጅረት ተሸክሞ፣ በሙቀት መልክ የሚባክነውም ጨምሮ። ብልሃቱ ከፍ ባለ ቮልቴጅ በምሰሶ ላይ በሚሄደው መስመር የተሻለ ፍሬ አለው።

ሁለተኛው መፍትሔ የሚመጣው ከዚያው ከባቫሪያ፣ ከሬገንስቡርግ ከተማ ነው። በርንሃርድ ያንሰን የተባለ መሐንዲስ በ1920ዎቹ፣ ኃይሉ ሳይቋረጥ የትራንስፎርመሩን የጥቅል ዙሮች ቁጥር እየቀያየረ ቮልቴጁን የሚያስተካክል መቀያየሪያ ፈጠረ፤ በከተማይቱ የሚገኘው የራይንሃውዘን ፋብሪካም ይህንኑ መሣሪያ እስከ ዛሬ ይሠራል። ይሁን እንጂ መቀያየሪያው ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በታላላቆቹ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ተወስኖ ኖረ። 20 ሺሕ ቮልቱን ወደ ቤቶቹ ቮልቴጅ የሚያወርደው የመንደር ትራንስፎርመር ግን ሠራተኛ ኃይሉን አጥፍቶ በእጁ ካልለወጠው በቀር፣ እንደ ተተከለ የሚኖር ነበር። ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለመንደር የሚበቃ ትንሽ መቀያየሪያ ለገበያ ስለ ቀረበ፣ ትራንስፎርመሩ ቮልቴጁን በቀትር ዝቅ፣ በምሽት ከፍ እያደረገ ያለ ሰው እጅ መላክ ቻለ። ወሰን አለው፤ ከአንዱ ትራንስፎርመር ከሚወጡት ሁለት መስመሮች አንዱ በጎተራ የተሞላ፣ ሌላው ኃይል ብቻ የሚቀበል ቢሆን፣ ለአንዱ ያወረደው ለሌላው ጉድለት ይሆናል።

እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ግን የፍትሕ ነገር ነው። ኢንቨርተር የ10 ደቂቃ አማካይ ቮልቴጅ 253 ሲያልፍ ራሱን ከመስመሩ እንዲነጥል ተሠርቷል፤ ከፍታውን አስቀድሞ የሚያገኘው በመጨረሻ ያለው ቤት በመሆኑም፣ ሁሉም በአንድነት ላነሡት ቮልቴጅ ቅጣቱን እርሱ ብቻውን ይከፍላል፤ በትራንስፎርመሩ ሥር ያለው ጎረቤቱ ቀኑን ሙሉ ሲሸጥ፣ የእርሱ ሰሌዳ ፀሐይ እያየ ሥራ ይፈታል። በ2012 በጀርመን የጸናው ሕግ በአንጻሩ፣ ከ30 ኪሎዋት በታች የሆኑ ማመንጫዎች ከሩቅ የሚታዘዙበትን መሣሪያ ካላስገቡ በቀር፣ ወደ መስመሩ የሚሰዱት ከችሎታቸው ከመቶ 70 እጅ እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህ በእኩልነቱ መልካም ቢመስልም፣ ማንንም እምብዛም ያልጎዳውን የቅርቡንም ሰው ያስከፍለው ነበር። የሚቀያየረው ትራንስፎርመር በሚበቃበት ስፍራ ሁሉ እርሱን የምመርጠው ስለዚህ ነው፤ ቮልቴጁን ከምንጩ ስለሚያወርደው በቅርብ ያለውም በሩቅ ያለውም ሳይሸጥ የሚቀርበት ይቀንሳል፣ ዋጋውም በአንድ ገበሬ ጫንቃ ላይ ሳይወድቅ በመስመር ኪራይ ለተጠቃሚዎች ሁሉ ይከፋፈላል።