ፈርሱን ማንበብ

ሉኪኒያ በእኛም አገር የግብርና ባለሙያዎች ለመኖ የሚያሰራጩት፣ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ፕሮቲኑ የበዛ ቢሆንም ሚሞሲን የሚባል መርዝ አለበት፤ አብዝቶ የበላውን እንስሳ ፀጉር ያረግፋል፣ ጨጓራ ውስጥ ተብላልቶ የሚወጣው ውጤት ደግሞ እንቅርት ያመጣል። ይህ ቅጠል የአውስትራሊያን ከብቶች ሲጎዳ የሃዋይ ፍየሎች ግን እየበሉት ጤነኛ ነበሩ። አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ሬይመንድ ጆንስ ምስጢሩ ከፍየሎቹ ጨጓራ ውስጥ እንዳለ ጠረጠረ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከሃዋይ ፍየሎች የጨጓራ ፈሳሽ የተገኙ ባክቴሪያዎች ሲሰጧቸው የአውስትራሊያ እንስሳትም መርዙን ቻሉት። መርዙን የምትፈታው ባክቴሪያ በ1992 ሲነርጂስቴስ ጆንሲ የሚል ስም ወጣላት። በሬ ሲታረድ ተገልብጦ የሚደፋው አረንጓዴ ፈርስ፣ እንስሳው መታመም አለመታመሙን የሚወስን የተሕዋስ ሕዝብ ይኖርበታል ማለት ነው፤ የእንስሳት ሐኪምም ይህን ሕዝብ ሳያውቅ ስለ መኖና ስለ ሆድ በሽታ ሙሉ መልስ ሊሰጥ አይችልም ብዬ አምናለሁ።

ሕዝቡን ማየት ግን ቀላል አይደለም። ከላም ጨጓራ በሚቀዳ አንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 10 ቢሊዮንና ከዚያ በላይ ባክቴሪያ ይገኛል። ብዙዎቹ ኦክስጅን ሲነካቸው ስለሚሞቱ በላቦራቶሪ ማራባት ያስቸግራል። ሜታጂኖሚክስ የሚባለው ዘዴ ማራባቱን ትቶ በፈሳሹ ያለውን ዲኤንኤ በጅምላ ያወጣል፤ ማሽን ቁርጥራጩን ያነባል፣ ኮምፒውተር ተመሳሳይ ጫፎችን እያጋጠመ የየተሕዋሱን ጂኖም መልሶ ይቀጥላል። በ2019 የወጣ ጥናት ከ283 የስኮትላንድ ከብቶች ጨጓራ 4,941 ጂኖሞችን በዚህ መንገድ ገጣጥሟል።

የስም ዝርዝር መድኃኒት አይሆንም የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ዲኤንኤ የሞተውንም ባክቴሪያ ከሕያው ጋር ይቆጥራል። በታመመች ላም ጨጓራ አንድ ዝርያ ቢበዛ፣ በሽታውን ያመጣው እሱ ይሁን ወይም ላሟ መብላት ስላቆመች የበዛ ይሁን ከንባቡ ብቻ አይለይም። የሉኪኒያዋ ባክቴሪያ ራሷ ኋላ በተደረጉ የዲኤንኤ ምርመራዎች ባልተጠበቀችባቸው አገሮች ከብቶች ውስጥም በጥቂቱ ተገኝታለች፤ መኖሯ መርዙን ለመፍታት ትበቃለች ማለት አይደለም።

ትችቱ የሚጸናው ግን ንባቡን የሥራው ማብቂያ ካደረግነው ነው። ታማር ዋላቢ የምትባለው የካንጋሮ ዘመድ ሣር እየበላች ከላም ያነሰ ሚቴን ታወጣለች። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ሆዷ ውስጥ በዝቶ ያገኙትን፣ ማንም አራብቶት የማያውቅ ባክቴሪያ ዘረመል አነበቡ፤ ናይትሮጅን ከዩሪያ እንደሚያገኝ፣ ስታርች እንደሚበላ፣ ባሲትራሲን የተባለው ፀረ ተሕዋስ እንደማይገድለው ተረዱ። በዚሁ ልክ ምግቡን አዘጋጅተው፣ ሌሎቹን በባሲትራሲን ከልክለው ባክቴሪያውን ለብቻው አራቡት። ውጤቱ በ2011 ታተመ። ዝርዝር ተብሎ የተናቀው ንባብ ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ አስገብቶ ሥራው እንዲለካ አስቻለ።

ንባቡ ውድ ነው የሚለውም ተቃውሞ ለእያንዳንዷ ላም ዲኤንኤ ይነበባል ከሚል ግምት የመጣ ይመስለኛል። ንባቡና ሙከራው የተመራማሪ ድርሻ ነው፤ ለአርቢው የሚደርሰው ተፈትኖ የተገኘው መፍትሔ ነው። የኩዊንስላንድ አርቢ ከሃዋዩ ፈሳሽ የተራባውን ዝግጅት ገዝቶ ሉኪኒያ ከሚግጡት ከብቶቹ ለጥቂቶቹ ያጠጣል፤ የቀሩት አብረው ሲግጡ ከእነሱ ይወስዳሉ።